ሐምሌ 17 በዩታ ርችት የሚተኮሰው ለማን ነው?

ክረምቱ ገብቷል። ከአራዳ እስከ አዘዞ ጭቃ ነው፣ ሰዉም ቤቱ ተቀምጦ ይጽፋል መሰለኝ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ረዘም ረዘም ብለዋል። የሚገርመው አንዲት እናት ስለ አንድ የአሜሪካ በዓል ጠይቀው ሳለ ሌሎቹም ዞረው ዞረው እዚያው ቀን ላይ ማረፋቸው ነው። አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ልጄ የምትኖረው አሜሪካ ነው፣ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ። አምና በሐምሌ ደውላ መንገዱን በስልኳ አሳየችኝ። ሰዉ ከነልጁ፣ ከነወንበሩ፣ ከነፍራሹ አስፋልት ዳር አድሯል። ጠዋት የድሮ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ሸራ በለበሰ ሰረገላ ያልፋሉ። ማታ ደግሞ ርችት። የነጻነት በዓላቸው ነው ወይ ብላት ‹እሱማ ጁላይ 4 አለፈ፣ ይሄ ሌላ ነው፣ እኔም በደንብ አላውቀው፣ ብቻ እረፍት ነን› አለችኝ። ምንድን ነው ነገሩ? የእምነት በዓል ነው የመንግሥት?» (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ ልክ ናት፣ ከነጻነት በዓሉ ጋር አይገናኝም። «ፓዮኒር ዴይ» ይሉታል፣ የቀዳሚ ሰፋሪዎች ቀን። በፈረንጅ ጁላይ 24፣ በኛ ሐምሌ 17 ይውላል። የዩታ ክፍለ ግዛት በሕግ የደነገገው የእረፍት ቀን ነው። የመላው አሜሪካ ስላልሆነ ኒው ዮርክ ያለ ሰው ቢጠይቁ ሰምቶትም ላያውቅ ይችላል። ሥሩ የእምነት ነው፣ ደንቡ የመንግሥት። ቤተ ክርስቲያን የማይደርሰውም ሰው ያርፋል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ ርችት ያያል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስደት ነው። ሞርሞን የሚባሉት አማኞች ቤተ ክርስቲያናቸውን በ1830 ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ መሠረቱ። ከዚያ በኋላ የረገጡት ቦታ ሁሉ አልረጋላቸውም። በ1838 የሚዙሪ ገዥ ወይ እንዲባረሩ ወይ እንዲጠፉ አዘዘ። ኢሊኖይ ሄደው ናቩ የምትባል ከተማ ሠሩ። እዚያም መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ በ1844 ካርቴጅ እስር ቤት እንዳለ የታጠቀ መንጋ ገብቶ ገደለው። በ1846 በየካቲት ብርድ የሚሲሲፒን ወንዝ እየተሻገሩ ወጡ። መሪያቸው ብሪገም ያንግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አፕሪል ላይ የመጀመሪያው ጓድ ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ተነሣ፦ 143 ወንዶች፣ 3 ሴቶች፣ 2 ልጆች። ፊታቸው ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሜዳና ተራራ።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን የቀኑ አመራረጥ ነው። ቃፊሮቹ ዛሬ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለችበትን ሸለቆ ያዩት ጁላይ 21 ነው። ዋናው ጓድ 22 ገባ። 23 ላይ ማረሻ አወጡ። መሬቱ ደርቆ አልታረስ ሲላቸው ከተራራ የሚወርደውን ጅረት ገድበው ውሃውን ማሳው ላይ ለቀቁት፣ አፈሩ ሲርስ አርሰው ድንች መትከል ጀመሩ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ያንግ የለም። ትኩሳት ይዞት ወደኋላ ቀርቷል። ሸለቆው የገባው በ24ኛው ቀን፣ በጓደኛው በዊልፎርድ ውድረፍ ሰረገላ ላይ ተኝቶ ነው። በዓሉም 24 ሆነ። የመሪው መግቢያ ተቆጠረ፣ የአራሾቹ ቀን ቀረ ማለት ነው። ያንግ ሸለቆውን አይቶ «ትክክለኛው ቦታ ይሄ ነው» አለ ይባላል። ይህንን የነገረን ራሱ ውድረፍ ነው፣ ያውም በ1880፣ ከ33 ዓመት በኋላ።

ሌላም አለ። በ1847 ያ ሸለቆ የአሜሪካ አልነበረም፣ የሜክሲኮ ነበር። ሰዎቹ ከአሜሪካ ሸሽተው ሜክሲኮ ገቡ፣ ዓመት ሳይሞላ አሜሪካ ጦርነቱን አሸንፋ አገሩን ወሰደችውና ተከትላቸው መጣች። ጉድ አይደለም? ዩታ እንደ ክፍለ ግዛት የተቀበሉት ደግሞ ጃንዋሪ 4፣ 1896 ነው። ከዓድዋ ሁለት ወር በፊት።

እዚህ እኛ ጋ ያ 1847 እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር መቼም ጎንደር ለሚኖር ሰው አልነግርም። ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ንጉሡ በስም፣ ሥልጣኑ በራስ ዓሊ እጅ። ብሪገም ያንግ ሰረገላ ላይ ተኝቶ ሲጓዝ በነበረበት ዓመት የቋራው ካሣ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን ማረኩ። ከ8 ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ወደ በዓሉ ልመለስ። በ1848 አዝመራቸውን ፌንጣ ወረደበት። ወዲያው ሲጋል የሚባሉ የውሃ ወፎች በመንጋ መጥተው ፌንጣውን ይለቅሙት ጀመር። ሰዉ ተአምር ነው አለ፣ ዛሬም ወፏ የዩታ ምልክት ናት፣ ሶልት ሌክ መሃል ሐውልት አላት። ቀኑን በሰልፍና በሙዚቃ ደንበኛ አድርገው ያከበሩት በ1849 ነው። አሥረኛው ዓመት፣ 1857፣ ሌላ ታሪክ አለው። 2,500 ያህል ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ እየበላ እየጨፈረ ሳለ መልእክተኞች ደረሱ፣ የአሜሪካ ጦር ወደ ዩታ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ይዘው። የሸሹት መንግሥት በበዓላቸው ቀን ደረሰባቸው።

እስከ 1869 ድረስ፣ ባቡር ሐዲዱ እስኪገጥም ማለት ነው፣ 70,000 ያህል ሰው በዚያ መንገድ መጣ። በሬ መግዣ ያጡት ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየገፉ ነው የመጡት። በ1856 ዘግይተው የተነሡ ሁለት የእጅ ጋሪ ጓዶች በረዶ ያዛቸውና ከ200 በላይ ሰው መንገድ ላይ አለቀ። ልጅዎ ባሳየችዎት ሰልፍ ላይ ትንንሽ ልጆች ጋሪ ሲገፉ ካዩ ለእነዚያ ነው።

ሰልፉ ላይ ለረዥም ጊዜ ያልታዩም አሉ። ከመጀመሪያዎቹ 143 ወንዶች ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ፣ በባርነት የተያዙ፦ ግሪን ፍሌክ፣ ሃርክ ዌልስና ኦስካር ስሚዝ። ብሪገም ያንግ ከመግባቱ በፊት ሸለቆው ውስጥ ነበሩ። ሐውልት የቆመላቸው በ2022 ነው፣ ከ175 ዓመት በኋላ! አጠገባቸው ጄን ማኒንግ ጄምስ አለች፣ እሷ ነጻ ሴት ነበረች፣ በዚያው በ1847 ነው የመጣችው። ልጅዎ ቀን ሲመቻት ሄዳ ትያቸው፣ ከከተማው ምሥራቅ ያለው የቀዳሚዎቹ መታሰቢያ ፓርክ ውስጥ ናቸው።

አገሩም ባዶ አልነበረም። ዩት፣ ሾሾኒ፣ ጎሹት፣ ፓዩት የሚባሉ ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ የሚነግዱበት አገር ነው። ሰፋሪው ሲበዛ ውሃውም ግጦሹም ከእጃቸው ወጣ። ለእነሱ ቀኑ ምን ዓይነት በዓል እንደሆነ መገመት ነው። ከተማው ውስጥ ሊበርቲ ፓርክ በሚባል ቦታ በዚያው ሰሞን ነባሮቹ የራሳቸውን ጭፈራና ከበሮ ሲያሳዩ ኖረዋል። ለልጅዎ ይንገሯትና ከርችቱ በፊት እዚያ ጎራ ትበል።

ጥያቄ፦ «የተወለድኩት ሐምሌ 17 ነው። ጓደኞቼ ‹በክረምት ተወልደህ ማን ያስታውስሃል› እያሉ ይቀልዱብኛል። የሚያኮራ ነገር ሆኖበት ያውቃል ወይ ይሄ ቀን?» (ወጣት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ሞልቷል። መጀመሪያ የልደት ተጋሪዎችህን ልንገርህ። ደቡብ አሜሪካን ከስፔን ያላቀቀው ሲሞን ቦሊቫር ጁላይ 24፣ 1783 ተወለደ። ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንደር ዱማ በ1802። ዱማን አንርሳው፣ አያቱ በሃይቲ በባርነት የተያዘች ጥቁር ሴት ነበረች። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሜሊያ ኤርሃርትም በ1897 በዚሁ ቀን ነው የተወለደችው። እሷማ ለኛም ሩቅ አይደለችም፣ በ1937 ዓለምን ስትዞር ምጽዋና አሰብ አርፋ ነዳጅ ሞልታለች። ያኔ እዚያም እዚህ ጎንደርም ጣልያን ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፓሲፊክ ላይ ጠፋች።

አንድ ነገር ልብ በል ግን። ዛሬ ጁላይ 24 ሐምሌ 17 ነው እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ፈረንጆቹ በ1700፣ በ1800ና በ1900 አንዳንድ ቀን ዘልለዋል፣ እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ከማድረግ ዝንፍ ብለን አናውቅም። ስለዚህ ዱማና ኤርሃርት በኛ ቢቆጠር ሐምሌ 18 ናቸው፣ ቦሊቫር ደግሞ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ 19። ሰፋሪዎቹም ሶልት ሌክ የገቡት ሐምሌ 18 ቀን 1839 ዓ.ም. ነው። ከ2100 በኋላ ደግሞ ጁላይ 24 ወደ ሐምሌ 16 ይመጣል፣ የዚያን ጊዜ ልጆችህ ይጣሉበት።

በቀኑ የሆነውን ስታይ አንድ ሰው ቀኑን የተከራየው ነው የሚመስለው፦ ሪቻርድ ኒክሰን። ጁላይ 24፣ 1959 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሞስኮ ነበር። የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ላይ ለሞዴል የተሠራ ወጥ ቤት ውስጥ ከሶቪየቱ መሪ ከክሩሽቼቭ ጋር ቆመው፣ ልብስ ማጠቢያውን እያሳየው፣ የትኛው ሥርዓት ይሻላል ብለው ጋዜጠኛ ፊት አፍ ለአፍ ገጠሙ። አሥር ዓመት ቆየና፣ ጁላይ 24፣ 1969፣ አፖሎ 11 ከጨረቃ ተመልሳ ፓሲፊክ ላይ አረፈች። ኒክሰን አሁን ፕሬዚዳንት ነው፣ ሆርኔት በምትባለው መርከብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጠፈርተኞቹን ግን መጨበጥ አልቻለም። የጨረቃ ተውሳክ ይዘው ቢሆንስ ተብሎ ተሽከርካሪ ቤት የመሰለ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ሦስቱም በአንዲት መስኮት ተደርድረው፣ እሱ ከውጭ ጎንበስ ብሎ፣ በመስታወት ተሳሳቁ። ሦስተኛው ዙር ጁላይ 24፣ 1974 ነው። ዋተርጌት በተባለው ቅሌት ምክንያት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ የደበቅኸውን የድምፅ ቅጂ አስረክብ አለው። ከ16 ቀን በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለቀቀ። በዚያው ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ደርግ እንዳልካቸው መኮንንን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት አውርዷል፣ የኛም ሰው ሬዲዮው ላይ ተለጥፎ ነበር የከረመው።

በ1911 ሃይረም ቢንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፔሩ ውስጥ ማቹ ፒቹን «አገኘ» የተባለውም በዚሁ ቀን ነው። ሲደርስ ገበሬዎች እዚያው እያረሱ ይኖሩ ነበር! ወደ ፍርስራሹ የመራውም የአካባቢው ትንሽ ልጅ ነው። አብዛኛውን የቱርክ የዛሬ ድንበር ያጸናው የሎዛን ውልም በ1923 በዚሁ ቀን ተፈረመ።

ደግሞ ዲትሮይት አለች፣ የመኪናዋ ከተማ። ካዲላክ የሚባል ፈረንሳዊ ጁላይ 24፣ 1701 ወንዝ ዳር አጥር አጥሮ ጀመራት፣ በኋላ መኪና የተሰየመው በሱ ስም ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር የታላቁ አፄ ኢያሱ መናገሻ ነበረች፣ ሌላ ፈረንሳዊ፣ ሐኪሙ ፖንሴ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ መጥቶ ንጉሡን አክሟል። ለጓደኞችህ ይሄን ንገራቸው፣ ዲትሮይት አጥር ስትሆን ጎንደር ግንብ ነበራት።

ጥያቄ፦ «እነሱ በሰረገላ ለመጣ ሰው ይህን ያህል ካከበሩ፣ እኛ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ለቆረቆሯት ከተማ የመሥራች ቀን የሌለን ለምንድን ነው? ከተማው አንድ ቀን ቢመርጥና ብናከብር ምን ይመስልዎታል?» (መምህር፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ቱሪስትም ይስባል፣ ግን እኔ ብዙም አልጓጓም።

አንደኛ፣ ጎንደር ዓመቱን ሙሉ በዓል አላት። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ሰው ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ሐምሌ 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዝናብ የሚቆመውን ሰው ያውቃሉ። እማማ ያሏቸው አስፋልት ዳር ያደሩት ሰዎች ለኛ አዲስ አይደሉም፣ የጥምቀት ዋዜማ እኛም እንዲያው ነን። የፋሲል ስም የሚጠራበት ቀን አላጣንም።

ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ማንን ነው የምንቆጥረው? ዩታዎች የመሪያቸውን ቀን ይዘው የሦስቱን ጥቁሮች ስም ለመጥራት ምን ያህል እንደቆዩ ከላይ ጽፌያለሁ። እኛም «ቆረቆሩ» ስንል አንድ ሰው እንጠራና እናበቃለን። ነገሥታቱ ከፋሲል በፊት ከቦታ ቦታ ሲዛወሩ ነበር፣ ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ ደንቀዝ እያሉ። ፋሲል ሲረጉ አካባቢው ቅማንቱም ቤተ እስራኤሉም የሚኖርበት ነበር። ከተማዋም በአንድ ንጉሥ አላለቀችም፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ ጨመሩ፣ ኢያሱ ጨመሩ፣ ዳዊት ጨመሩ፣ በካፋ ጨመሩ፣ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠሩ። ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን ያቦካው ደግሞ ሌላ ነው። ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነሱ በየትኛው ቀን ይታሰባሉ?

ከተማው ቀን ልምረጥ ካለ፣ የንጉሡን መግቢያ ትቶ ግንብ የሚሠራበትን ወቅት ቢያስብ ይሻለኛል። በሐምሌ ግን አይሁን፣ በዚህ ጭቃ ማንም ሰልፍ አይወጣም። እርስዎ ተማሪዎችዎን ይዘው ግቢ ቢገቡ፣ የንጉሥ ስም ከማስቆጠር ይልቅ ግድግዳው ላይ የኖራውን አያያዝ ቢያሳዩዋቸው፣ ከርችት ይልቅ እሱን አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ «የወንድሜ ልጅ ዩታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በዚህ በዓል ቀን ሥራ ገባ፣ ድርብ አልከፈሉትም። መብቱ አይደለም?» (አጎት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ በሕግ መብቱ አይመስለኝም። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የፌዴራሉ ግን አይዘጉም፣ ፖስታ ቤት ሳይቀር ክፍት ነው። የግል ቀጣሪ በአሜሪካ ሕግ በበዓል ቀን ዝጋ ወይም ድርብ ክፈል ተብሎ አይገደድም፣ ያለው የገባው ውል ነው። ውሉን ወይም የድርጅቱን መመሪያ አውጥቶ ያንብብ፣ እዚያ ከተጻፈለት ይጠይቅ። ቀኑ እሑድ ከዋለ መሥሪያ ቤቶቹ የሚያርፉት ሰኞ ነው፣ ይሄንንም ቀድሞ ይያዘው። እና አጎቱ፣ በዓሉን እንኳን አደረሰህ ልትለው ከፈለግህ ሰዓቱን ተጠንቀቅ፣ በሐምሌ ልዩነታችን ዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ጎንደር ምሽት 12 ነው፣ በኛ ጠዋት ከደወልክ ልጁን ከእንቅልፉ ነው የምትቀሰቅሰው።